ተቀመጡ የማይለው ጌታ

ፈረሶቹ ድልድዩን እምቢ አሉ። ከኋላ ይመጣ የነበረው የወጥ ቤት ጋሪ የፊተኛው መቆሙን ያየው ዘግይቶ ነበርና ሠረገላውን ሊገጨው ምንም አልቀረው። አብሳይዋ የመዳብ ድስቷን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ «ኧረ በቀስታ! ሰው አለ እዚህ!» ብላ ጮኸች።

«ሰው ነው ሽንኩርት?» አለ ጉንፋን ከፊት ሆኖ።

ጉንፋን የፈረሶቹ አለቃ ነው። ክረምት ከበጋ ስለሚያነጥስ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል፤ ቢድንም ስሙ እንደማይለቀው ስላወቀ መዳኑን ትቶታል።

«ሽንኩርቱማ ሌላውን ያስለቅሳል እንጂ እንዳንተ የራሱን አፍንጫ ሲጠርግ አይውልም» አለችው።

ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። በድልድዩ ወዲህ በኩል አጋፋሪው በጥቁር ካባው፣ በብር እጀታ ዘንጉና አልታጠፍ ባሉ ጉልበቶቹ ቆሟል። አጋፋሪ ማለት በጌታ ቤት ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ነው። ይህኛው ያንን ጠንቅቆ ከማወቁ የተነሣ ሌላ ነገር ለማወቅ ቦታ አልተረፈውም።

የመጡት ሰው ለመረከብ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የወዲህ ማዶው ጌታ ከወዲያ ማዶው ጌታ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። ሰላም ሲወርድ አሸናፊው መሬትም ወርቅም አልጠየቀም፤ የተሸናፊውን አንድ ልጅ ጠየቀ። ልጁ መያዣ ሆኖ ወዲያ ማዶ ይቀመጣል፤ አባቱ ዳግመኛ ጦር ካነሣ የልጁ ነገር እዚያው ያከትማል። ልጁ ያኔ የወተት ጥርሱን እንኳ አልቀየረም ነበር። በኋላ አባት ሞተ፤ የአባት ወንድም ባላደራ ሆኖ ቤቱን ያዘ። አሁን ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለው ጌታ አርጅቶ ሞተና ልጆቹ፣ «ያበላነው ይበቃል» ብለው መያዣውን መልሰው ላኩ።

ከወዲያ በኩል ሁለት ሰዎች በእግር መጡ። አንደኛው ጺሙ የሸበተ ወታደር ነው፤ አድራሹ ይሉታል። ሁለተኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ልብሱ ንጹሕ የሆነ ወጣት ነው። ዝናቡ በግንባሩ ላይ ሲወርድ እጁን አንሥቶ አልጠረገውም።

«እነሆ» አለ አድራሹ። «ሳይጎድልበት።»

አጋፋሪው ወገቡ እስኪንቋቋ ድረስ እጅ ነሣ። ወጣቱም እንደሱ እጅ ሊነሣ ሲል አድራሹ ክርኑን ያዝ አደረገው።

«አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ አድራሹ ለአጋፋሪው። «በሰላሙ ውል መሠረት ሽማግሌዎቻችሁ ካልተቀበሉት ወደኛ ይመለሳል። የወዲያ ቤትም ክፍሉን አላፈረሰውም።»

«ምን ሆነው አይቀበሏቸውም?»

«እኔ ምን አውቄ? የኔ ሥራ አድርስ የተባልኩትን ማድረስ ነው።» ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሂድ» አለው።

ወጣቱ ሄደ።

«ግባ» አለው አድራሹ ተከትሎት፣ ከሠረገላው በር ላይ። ገባ። አድራሹ ሌላ የሚለው ያለ ይመስል ትንሽ ቆም ብሎ ነበር፤ ከዚያ ተወውና በመጣበት ተመለሰ። አብሳይዋ ይህን ሁሉ ከጋሪዋ ላይ አየችው። እሷም እንደሌሎቹ፣ እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው አለች በልቧ።

የመጀመሪያው ማረፊያ ጣሪያው ግማሽ የቀረ ወፍጮ ቤት ነበር። አብሳይዋ ያለ የሌለ እንጨት አጫጭሳ የባቄላና የሥጋ ሾርባ ሠራች። ሳንቃ ተነጠፈ፤ ከፍ ያለው ወንበር በራስጌ ቆመ፤ ዳቦው ተቆረሰ። በዚያ ቤት ሥርዓት ጌታ ሳይቀመጥ ሎሌ አይቀመጥም፤ ጌታ ማንኪያውን ሳያጠልቅ ሎሌ አይቀምስም። ሥርዓቱን ያወጣው ጌታ ማን እንደሆነ ባይታወቅም ሲያወጣው ጠግቦ እንደነበር ያስታውቃል።

ወጣቱ ጌታ መጥቶ ከወንበሩ ኋላ ቆመ። ሁለት እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ገበታውን ተመለከተ። ሰዉም ቆመ።

ሾርባው ጨሰ። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደው ጠብታ አጋፋሪው አንገት ውስጥ ይገባል፤ አጋፋሪው አልተንቀሳቀሰም። ሾርባው መጨሱን ተወ። ስቡ ከላይ እንደ ስስ በረዶ ጋገረ።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለች አብሳይዋ በሹክሹክታ።

«ጌታን» አለ ጉንፋን።

«ጌታውስ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ሲቀመጡ እንጠይቃቸዋለና።»

በመጨረሻ አጋፋሪው ዘንጉን መሬት መታና፣ «ጌታችንን ምግብ አላሰኛቸውም!» ብሎ አወጀ። ገበታው ተነሣ። ምግብ ያላሰኛቸው አንድ እሳቸው ሲሆኑ ያልበላው ግን ሠራዊቱ በሙሉ ነው።

መንገዱ ላይ ወሬው ደራ። የተራበ ሰው ለመተርጎም ማን ብሎት።

«መርዝ ፈርተው ነው» አለ አንዱ ጦረኛ። «እትዬ፣ ሾርባው ላይ ምን ጨመርሽ?»

«ለናንተ ለናንተ መርዝ አባክናለሁ?»

«ንቀት ነው» አለ ሌላው። «ወዲያ ማዶ በብር ሳህን የለመደ ሰው የኛን ጣባ ይነካል?»

አጋፋሪው በቅሎው ላይ ሆኖ ይህን ሰማና ቀና አለ። «ኩራት ነው! የዘር ነው! አባታቸውም ልክ እንዲህ ነበሩ።»

አብሳይዋ ሳቋን በጉንጯ ያዘችው። አባትየውን ታውቃቸዋለች፤ ያኔ የወጥ ቤት ልጃገረድ ነበረች። ገበታ እስኪዘረጋ መታገሥ አልሆንላቸው እያለ ከድስቱ ሲዘግኑ ባለማወቅ እጃቸውን በጭልፋ የመታቻቸው ጊዜ አለ። እጃቸውን እየነፉ፣ «ራበኝ፣ ምን ላድርግ!» ነበር ያሏት።

በምሽቱ ማረፊያ ድንኳን ተተከለ፤ አልጋ ተነጠፈ፤ ገበታ እንደገና ቀርቦ እንደገና ተነሣ። ድንኳን ተካዩ አጎንብሶ ወጣና፣ «አልጋው አጠገብ ቆመዋል» አለ።

«ያስባሉ» አለ አጋፋሪው። «ጌታ ሲያስብ አይረበሽም።»

ጌታ ካልተኛ ደግሞ ዘብ አይተኛም፤ አጋፋሪም አይተኛም። እንዲህ ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ ጦሩን ተደግፎ፣ ጋሪውን ተደግፎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ አደረ። ቆመው መተኛት የሚችሉት ፈረሶቹ ብቻ ስለሆኑ እነሱ እፎይ ብለው አደሩ።

ጧት ሦስተኛው ድስት ተጣደ። አብሳይዋ በአንድ እጇ እያማሰለች በሌላው ወገቧን ይዛለች። ወገቧን የሚያማት አሮጌ ሕመም ተነሥቶባታል፤ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላታል። ሾርባውን ይዛ ስትመጣ ወጣቱ ጌታ እንደ ትላንቱ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ አየችው። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ይቃናል፤ ደግሞ ዘንበል ይላል። ገበታውን ማየት ትቶ ሰዎቹን ነው የሚያየው፤ አንድ በአንድ፣ አፋቸውን።

ሳህኑን አስቀመጠች። ሁሉም ቆመ። ስቡ መጋገር ሲጀምር አየችና አንድ ነገር ውስጧ ተበጠሰ።

«ተቀመጥና ብላ እንጂ ልጄ! አለቅን እኮ!»

አጋፋሪው እንደተወጋ ሰው ትንፋሹን ሳበ። አንተ ብላዋለች። ልጄ ብላዋለች። ለዚህ በዚያ ቤት ምን ቅጣት እንዳለ ሲያስብ ገና ሳይጨርስ ወጣቱ ጌታ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። ማንኪያውን አጠለቀ።

ከዚያ በኋላ የተሰማው ድምፅ የማንኪያ ብቻ ነበር። ማንም ማንንም አላየም። ጉንፋን ከነንፍጡ በላ። ወጣቱ ሳህኑን ጨረሰ፤ አብሳይዋ ሞላችለት፤ ጨረሰ፤ ሞላችለት። እየቆየ አበላሉ ፈዘዘ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ግን አላቆመም። ግራ ገባትና፣ «በቃህ» አለችው።

ማንኪያውን አስቀመጠ።

አጋፋሪው ይህን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚበላም ገባው። ያን ዕለት አብሳይዋን ከጋሪ አውርዶ የጌታው ሠረገላ ውስጥ አስቀመጣት፤ ለሰው፣ «ጌታችን ስለ ሾርባ ሊያነጋግሯት ይፈልጋሉ» አለ።

ሠረገላው እየተንገጫገጨ ብዙ መንገድ ሄዱ። እሷ ድሮም የማትችለው ነገር ዝምታ ነበር።

«ትላንት ለምን አልበሉም ጌታዬ? አስጠላዎት?»

«የለም። ብላ ያለኝ ሰው አልነበረም።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እርስዎ ዛሬ ባይሉኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

«ኧረ እርስዎ አይበሉኝ! አንቺ ነው የምባለው። ደግሞ ማን ነው እርስዎን ብላ የሚልዎት? ጌታ እኮ ነዎት።»

«አዎ፤ ድልድዩ ላይ ነግረውኛል።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። አልሳቀም።

«ወዲያ ማዶ ይመቱዎት ነበር?»

«በጭራሽ። ደጎች ነበሩ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «የሄድኩ ሰሞን ሌሊት በረደኝ አልኩ። በማግሥቱ የጥበቃውን አለቃ ግቢው መካከል ገረፉት። መያዣ ቢሞት ጦርነት ነዋ። ሌላ ቀን ሆዴን አልኩ። ምግብ የምታቀርብልኝን ልጅ አባረሯት፤ የምጫወተው ከሷ ጋር ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም አላልኩም። ምንም ስላላልኩ ደግሞ ሁሉን በየሰዓቱ ያቀርቡልኛል። ብላ ሲሉኝ እበላለሁ፤ በቃህ ሲሉኝ እተዋለሁ። ተኛ ሲሉኝ እተኛለሁ። ጨዋ ልጅ ነው ይሉኝ ነበር።»

«እሺ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ሲርብዎትስ?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው፤ ጠፍቶት የቆየ ዕቃ የት እንዳስቀመጠ እንደሚያስታውስ ሰው።

«እኔ እንጃ» አለ።

አብሳይዋ ልጆቿን አሰበች። የወለደቻቸው ልጆች ሁሉ እማዬ ከማለታቸው በፊት ራበኝ ነበር ያሉት። ያን ጊዜ ታበሽቃቸው ነበር፤ አንዳንዴም፣ «አፍህን ዝጋ» ብላ በኩርኩም ትመታቸዋለች። እነሱ ደግሞ በኩርኩሙ ላይ ጨምረው ያለቅሱ ነበር እንጂ ዝም አይሉም፤ ምክንያቱም ቢያለቅሱ የሚመጣው እሷው ናት እንጂ የሌላ ሰው ግርፋት አይደለም። ረኃብም ለካ የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ነው የሚያድገው አለች በልቧ። ከዚያም ስለደከማት እንቅልፍ ወሰዳት። ወጣቱ ተኛ ያለው ስለሌለ ሲያያት ዋለ።

በየማረፊያው ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። አብሳይዋ ሳህን ስታስቀምጥ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ብላ» ትላለች፤ ሲመሽ የድንኳኑን መጋረጃ ስትዘጋ፣ «ተኛ» ትላለች። ሠራዊቱ በላ፣ ተኛ፣ ጌታውን ወደደ። «ለመዱን» ይባባሉ ነበር።

የከተማው ግንብ ሲታይ አጋፋሪው በቅሎውን ከሠረገላው ጎን አስጠግቶ አብሳይዋን በጣቱ ጠራት። ወርዳ አጠገቡ በእግሯ ሄደች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አዳራሹ።»

«አዳራሹ።» በዚያ ቤት ዘውድ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ በሁለቱ ግድግዳ ሥር ይቆማሉ፤ አዲሱ ጌታ ገብቶ፣ «ተቀመጡ» ይላቸዋል። ካለ ጌታ ነው። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። «ካላሉስ?» አለ አጋፋሪው። «ድልድዩን ተሻግረው ይመለሳሉ። ባላደራው ይቀጥላል። እኔም ያመጣሁትን ይዤ የተመለስኩ ብቸኛው አጋፋሪ ሆኜ እቀራለሁ።»

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ከወንበሩ በስተጀርባ መጋረጃ አለ። እዚያ ትቆሚያለሽ። ‹ተቀመጡ በላቸው› ትያቸዋለሽ። አንድ ጊዜ። በቀስታ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በየቀኑ። ፍርድ ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ። እኔ ምን እንደሚባል እነግርሻለሁ፤ አንቺ ለሳቸው ትነግሪያለሽ።» ጎንበስ አለ። «ምድጃ ያለው ክፍል ይሰጥሻል። ሁለት ሴቶች ያገለግሉሻል። ድስት የሚባል ዳግመኛ አትነኪም።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞቺ።»

«ስሞትስ?»

«ልጅ የለሽም?» አለ አጋፋሪው።

አብሳይዋ እጇን አየችው። ከአውራ ጣቷ እስከ ክርኗ እሳትና ዘይት የጻፈበት እጅ ነው። ወገቧን አሰበችው። ምድጃ ያለው ክፍል፤ ጧት ሌላ ሰው የሚያነድደው እሳት።

«እሺ» አለች።

አዳራሹ ከውጭ እንደሚታየው ትልቅ አልነበረም። ጣሪያው በጢስ ጠቁሯል፤ አግዳሚዎቹ በስንት ትውልድ መቀመጫ ተፍቀው ያበራሉ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ ገብተው በግራና በቀኝ ቆሙ። ካባቸው ከብዷቸዋል። ባላደራው ከጌታው ወንበር አጠገብ በቆመች ተራ በርጩማ ጎን ቆሟል፤ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ የተቀመጠው በዚያች በርጩማ ላይ ነው፣ ወንበሩን ነክቶት አያውቅም። ቀጭን ሰው ነው፤ የቤቱን ማኅተም ባንገቱ አስሯል። ማሰሪያው አንገቱ ላይ መስመር ሠርቷል።

ወጣቱ ጌታ ገባ። ወንበሩ ፊት ደርሶ ቆመ። እጆቹን አጣመረ።

አብሳይዋ በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች። ቃሉን ምላሷ ላይ አዘጋጅታዋለች። ወጣቱ ዓይኑን ወደ መጋረጃው ላከ። ትንፋሿን ሳበች። በዚያው ቅጽበት ባላደራው የወንድሙን ልጅ ዓይን ተከትሎ ወደ መጋረጃው አየ።

ወጣቱ ዳግመኛ አየ። ባላደራውም ዳግመኛ አየ፤ መጀመሪያ መጋረጃውን፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያለውን የጫማዋን ጫፍ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልመጣም። የበርሜሉ ቧንቧ የት ጋ እንደሆነ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

አብሳይዋ የሰው ፊት ማንበብ የተማረችው በገበያ ነው። ነገ ይህ ሰው ወጥ ቤት ይመጣል። በእግሩ፣ በትሕትና፣ ምናልባት ስጦታ ይዞ፤ እንዲህ በይልኝ ይላል። እሱ ባይመጣ አጋፋሪው አለ። አጋፋሪው ቢሞት ሌላ አጋፋሪ አለ። እሷን የያዘ ልጁን ይይዛል። ልጁም የታዘዘውን ይላል፤ ጨዋ ነዋ። ድልድዩን የተሻገረው ከአንድ ያዢ ወደ ሌላ ያዢ ነው ማለት ነው፤ ያዢዋም እሷ።

አጋፋሪው ከማዶ ሆኖ በዘንጉ ወለሉን ነካ አደረገ። አሁን።

ከንፈሯን ገጠመች።

 አንዱ ሽማግሌ ሳለ። ሌላው የጎረቤቱን ትከሻ ያዘ። የወጣቱ ዓይን መጋረጃው ላይ ሲንከራተት፣ ሲለምን ታየዋለች። አፏን በእጇ ከደነች፤ ካልከደነችው ያመልጣት ነበር።

ዘንጉ ደግሞ ነካ አደረገ። ከዚያ ደግሞ።

«ጌታ ባላደራ» አለ ከሁሉ የሚበልጠው ሽማግሌ፤ «የምንጠብቀው ነገር አለ? ብርሃን ሳለ ወደ ድልድዩ ጉዞ ቢጀምሩ ይሻላል።»

ባላደራው እጁን ከፍ አደረገ፤ ጥቂት ቆዩ ለማለት። የሚጠብቀው ከመጋረጃው የሚመጣ ቃል እንደነበር የምታውቀው አብሳይዋ ብቻ ናት።

ወጣቱ ዓይኑን ከመጋረጃው አነሣ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።  አፉን ከፈተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው።

«ደከመኝ» አለ።

ወዲያው ደነገጠና አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ፤ ማንን ይዘው እንደሚወጡ ለማየት ነበር። በሩ አልተከፈተም። ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌዎቹ እያዩት ነበር። አንድ ዘብ አሳክኮት አንገቱን አከከ።

ወጣቱ ወደ ኋላ ተራምዶ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ግራ ተጋብቶ አያቸው።

«እናንተስ?» አለ። «አልደከማችሁም?»

ይህ ትእዛዝ ነው አይደለም? ሰዉ ሁሉ ወደ አጋፋሪው ዞረ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እሱ ነው። አጋፋሪው ዘንጉን ጨበጠ። «ሥርዓቱ...» ብሎ ጀመረ። «ሥርዓቱ የሚለው ቃሉ...» ወደ ጉልበቶቹ ተመለከተ። ስንት ዓመት ቆሞባቸዋል፤ ማንም ስለነሱ ጠይቆት አያውቅም።

«ደክሞናል ጌታዬ» አለና የቆመበት ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ዘጭ አለ።

ከዚያ አግዳሚዎቹ ጮኹ። ሽማግሌዎቹ እያቃሰቱ፣ ካባቸውን እየሰበሰቡ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣ «እንዲህ ያለ ጌታ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ያመሰግን ይሁን ያማ ግን አልታወቀም። ከተቀመጠ በኋላ ስለተናገረው ሁሉም እንደ ምስጋና ወሰደው።

የቆመው ባላደራው ብቻ ነበር። መጋረጃውን ለመጨረሻ ጊዜ አየው። ከዚያ ማኅተሙን ካንገቱ አውልቆ በወንድሙ ልጅ ጭን ላይ አስቀመጠና በርጩማዋን በእግሩ ሳብ አደረጋት።

«እኔማ» አለ ሲቀመጥ፣ «ወንድሜ የሞተ ዕለት ነው የደከመኝ።»

አጋፋሪው ወጥ ቤት ሲመጣ እያነከሰ ነበር። አብሳይዋ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ለግብሩ ሾርባው አስቀድሞ ወጥቷል።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ረሳሁት።»

«ሁለት ቃል እኮ ነው!»

«ለዚያ ነው። ብዙ ቢሆን ኖሮ አስታውሰው ነበር።»

አፍጥጦ አያት። እሷ ሽንኩርቷን ከተፈች።

«ክፍሉ ቀረብሽ፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ምድጃውም።»

«ምድጃማ እዚህም አለ» አለች፤ ጀርባዋን ለእሳቱ እንደሰጠች። ወገቧ ይወጋት ነበር። ክፍሉን አላየችውም፤ ግን አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር አስባው ነበርና ትንሽ ከፋት። ጉንፋን ፈረሶቹን አስገብቶ በሩ ላይ ተደግፎ፣ «እትዬ፣ ሽንኩርቱ ነው?» አላት። «ሽንኩርቱ ነው» አለችው።

ከአዳራሹ የሚመጣውን ድምፅ ሳታስበው ታዳምጣለች። መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር።  ቢላዋዋን አቆመች። ከዚያ አንድ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማች፤ ቀጥሎ የብዙ ማንኪያ ድምፅ መጣ። ብላ ያለው ሰው ይኑር አይኑር ከዚያ ሆና ልታውቅ አትችልም፤ ሄዳ ለማየትም አልፈለገች።

ጥቂት ቆይቶ ሳህን አቅራቢዋ ሮጣ ገባች። በሁለት እጇ የጌታውን ሳህን ይዛለች፤ ግማሹ እንዳለ ነው። ፊቷ ቀልቷል።

«ምነው?» አለች አብሳይዋ።

«ቆይ አትቆጪኝ እትዬ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«ምን ተባለ?»

«ጌታው...» አለች ልጅቷ፤ «ጌታው፣ ጨው በዝቶበታል አሉ።»

 አጋፋሪው ወደ በሩ ማንከሱን ትቶ ቆመ። በአብሳይዋ ሾርባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ከዚህ ቀደም ምን እንደደረሰበት ሁሉም ያውቃል።

አብሳይዋ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ማንኪያ አነሣች፤ ከሳህኑ ጨልፋ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችው።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ሌላ ወስደሽ ስጪያቸው። ያም ካልጣማቸው ይንገሩን በያቸው።»